የጠራ ምሽት ለማን ይጠራል?

«መልክዓ ምድር ወገን የለውም» የሚል አባባል በሠዓሊያንና በሥዕል መምህራን መካከል በየጊዜው ይነሣል። ተራራ ተራራ ነው፤ ደመናም ደመና ነው፤ ጀምበር ለጌታውም ለሎሌውም እኩል ትጠልቃለች፤ ስለዚህ ከሥዕል ዓይነቶች ሁሉ ከታሪክ ውጣ ውረድ ንጹሕ ሆኖ የሚገኘው የመልክዓ ምድር ሥዕል ብቻ ነው ይባላል። አባባሉ የዋህ ይመስላል፤ ብዙዎች ሳይመረምሩ የተቀበሉትም ስለዚሁ ነው። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ሥዕሉን ማን፣ የት ቆሞ፣ ለማንስ እንደ ሣለው ላለመጠየቅ የተበጀ ማምለጫ ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ከሰሜን ሸዋ ርቆ መሄድ አያሻም። የኢትዮጵያ ደጋ በአውሮፓዊው የመልክዓ ምድር ሥዕል ስልት ቀደም ብሎ ከተሣለባቸው ስፍራዎች አንዱ አንኮበር ነውና።

ዮሐን ማርቲን በርናትዝ እ.ኤ.አ. በ1802 በጀርመን አገር በሽፓየር ከተማ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1836 እና በ1837 ከሊቁ ከጎትሂልፍ ሃይንሪሽ ፎን ሹበርት ጋር ወደ ቅድስት አገር ተጉዞ የዚያን ምድር ሥዕሎች አዘጋጅቷል። ወደ ሸዋ ሲመጣ እንግዲህ ጀማሪ አልነበረም፤ የሩቅ አገርን መልክ ለአውሮፓ አንባቢ እንዴት አድርጎ ማቅረብ እንደሚገባ ቀድሞ የተለማመደ ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 በሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ የመልእክተኞች ቡድን ከቦምቤይ ተነሥቶ፣ ታጁራ ላይ ወርዶ፣ በረሃውን አቋርጦ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት ሲገባ በርናትዝ የቡድኑ ሠዓሊ ሆኖ አብሮ ገባ። ሥዕሎቹ እ.ኤ.አ. በ1852 በለንደን በሁለት ክፍል ታተሙ፤ የመጀመሪያው ክፍል የአፋርን ቆላ፣ ሁለተኛው የሸዋን ደጋ የሚያሳይ ነው።

ከሁለተኛው ክፍል ውስጥ የአንኮበርን ጠቅላላ ገጽታ የያዘው ሥዕል ዋናው መነጋገሪያ ሊሆን ይገባል። ኮረብታው ከፍ ብሎ ቆሟል፤ በአናቱ ላይ በእንጨት አጥር የታጠረው የንጉሡ ግቢ ይታያል፤ የሣር ክዳን ጎጆዎች በቁልቁለቱ ላይ ተበትነዋል፤ በዙሪያው ተራራና ሸለቆ ይዘረጋል። ሠዓሊው እጁ የሠለጠነ፣ ዓይኑም ጠንቃቃ መሆኑ አሌ አይባልም። ተመልካቹ ከወንበሩ ሳይነሣ ሸለቆውን ይሻገራል፤ ዳገቱን ይወጣል፤ ከግቢው በር ይደርሳል። አንኮበርን በእግሩ የወጣ ሰው ግን ያ ዳገት በጉልበት እንጂ በዓይን እንደማይወጣ ያውቃል።

ጥያቄው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ እይታ ለመጠቅለል ሠዓሊው ከከተማዪቱ ወጣ ብሎ፣ ሥራ ከማይሠራበት ስፍራ ላይ መቆም አለበት። ከዚያ ሲታይ ጎጆ ቅርጽ ነው፤ ጭስ ቀለም ነው፤ ሰው ደግሞ የተራራውን ግዝፈት ለማስረዳት የሚገባ ነጥብ ነው። በአውሮፓ የሥዕል ትምህርት ይህ የታወቀ ዘዴ ነበር። በመልክዓ ምድር ሥዕል ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ጣል የሚደረገው ተመልካቹ መጠኑን እንዲለካበት ነው። ገበሬው መለኪያ ዘንግ ሆነ ማለት ነው። በርናትዝ ሰው አልሣለም ማለት ግን አይደለም፤ ንጉሡን፣ ባለሟሎቹን፣ በመንገዱ ላይ ያገኛቸውን የቆላ ሰዎች ሥሏል። ዳሩ ግን ወራሾቹ ከእርሱ የወረሱት ሰዎቹን ሳይሆን ኮረብታው ማዶ ያለችውን የመቆሚያ ስፍራ ነው።

ስፍራዋንስ ማን ሰጠው? ሃሪስ ወደ ሸዋ የመጣው ተራራ ለማየት አልነበረም። በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር የላከው ውል ለመዋዋል ነው፤ ውሉም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1841 ተፈረመ። በግመል ተጭኖ ከመጣው ገጸ በረከት መካከል መድፍና ጠመንጃ ነበረበት። ከቡድኑ አባላት አንዱ ዕፀዋቱንና እንስሳቱን ይመዘግባል፤ መሪው ንግዱንና የንጉሡን ኃይል ይመዘግባል፤ ሠዓሊው መልኩን ይመዘግባል። ውሉ በተግባር እምብዛም አልሠራም፤ ሥዕሎቹ ግን ሠሩ። ይህን ሲሉ ሠዓሊውን የሻምበሉ ሎሌ አድርጎ መወንጀል ርካሽ ነገር ነው፤ ሰው በእርሳሱ ታማኝ ሆኖ ሳለ ሌላ ሰው ካቆመው ስፍራ ላይ ሊቆም ይችላል። ጥፋቱ የሚጀምረው ያንን ስፍራ «የተፈጥሮ እይታ» ብሎ ከመሰየም ላይ ነው።

ስለ ብርሃኑም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ እነዚህ ሥዕሎች በጸጥታቸው የሚማርኩት ገጹን ሁሉ በሚያለብሰው ለስላሳ ቀለም ነውና። ሥዕሎቹ በሊቶግራፍ የታተሙ ናቸው። ሊቶግራፍ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሙኒክ በአሎይስ ሴኔፌልደር የተፈለሰፈ የድንጋይ ኅትመት ነው፤ ሙኒክም በርናትዝ የኖረባትና እ.ኤ.አ. በ1878 ያረፈባት ከተማ ናት። በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ይሣላል፤ ድንጋዩ በውሃ ሲርስ የኅትመቱን ቀለም የሚቀበለው የተሣለው መስመር ብቻ ይሆናል። ከዚያም በሁለተኛ ድንጋይ ሌላ ስስ ቀለም በገጹ ላይ ይታተምበታል፤ ብርሃን የተፈለገበት ቦታ ከድንጋዩ ላይ ይፋቅና የወረቀቱ ንጣት ሰማይ ሆኖ ይወጣል። ተመልካቹ የሸዋ ምሽት አየር መስሎት የሚደመምበት ድባብ በከፊል ከማተሚያ ቤት የወጣ የሁለተኛው ድንጋይ ሥራ ነው። በዚህ ሠዓሊውን የሚከስስ የለም፤ ሙያው ነው። የማተሚያውን ድንጋይ ከአገሩ ሰማይ ለይቶ የማያይ መምህር ግን ተማሪዎቹን ምን ሊያስተምር ይችላል?

ከድንጋዩ ወደ ምድሩ ሲመለሱ ነገሩ ይበልጥ ይከፋል። ከአንኮበር በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የደብረ ብርሃን ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። በዚያ ሜዳ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ደመና የሌለበት፣ ነፋስ የማይነፍስበት፣ ጥርት ያለ ምሽት ይመጣል። ሰማዩ እስከ ዳር ድረስ ወርቅ ይመስላል፤ ከዚያም ይቀላል፤ ከዚያም እንደ መስተዋት ጠርቶ ይጠቁራል። ቀለም ለሚበጠብጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሽት የለም። ለገበሬው ደግሞ ከዚህ የከፋ ምሽት የለም። ደመና ለምድር ብርድ ልብስ ነው፤ ደመና ከሌለ ቀን ከፀሐይ የተቀበለችው ሙቀት ሁሉ ወደ ባዶው ሰማይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው አየር ከባድ በመሆኑ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ነፋስ ካላነቃነቀውም እዚያው ይተኛል። ሲነጋ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ውርጭ ነው። ገና እሸት የነበረው ባቄላ ጠቁሮ ያድራል፤ ፍሬ ሊይዝ የቀረበው ገብስ ባዶ ዛላ ይሆናል። የዓመት ልፋት በአንድ ውብ ምሽት ይጠፋል።

ስለዚህ በዚያ ሜዳ ላይ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ቆመው አንድ ሰማይ ያያሉ። አንደኛው «እንዴት ያምራል!» ይላል። ሁለተኛው ዝም ብሎ ወደ ማሳው ይመለከታል። የሁለተኛው ዝምታ ያልተሣለበት የምሽት ሥዕል የደብረ ብርሃንን ምሽት ሣልኩ ሊል አይችልም። መልክዓ ምድር ወገን የለውም የሚሉት ሰዎች ይህን አንድ ጥያቄ ቢመልሱ በቂ ነው፤ የጠራው ምሽት ለማን ነው የጠራው?

ቋንቋውም ይመሰክራል። አማርኛ ምሽትን በብርሃን ብቻ አይሰይምም፤ በሥራ ይሰይመዋል። «በሬ ሲፈታ» ይባላል፤ «ከብት ሲገባ» ይባላል። ሰዓቱን የሚነግረው የሰማዩ ቀለም ሳይሆን ከቀንበር የወጣው በሬ ነው። ከዚህም በኋላ ቢሆን ሥራው አያልቅም። ውሃ የቀዳችው ሴት እንስራዋን ካወረደች በኋላ እሳት ልታያይዝ ነው፤ የምታያይዘውም በአብዛኛው እንጨት አይደለም። ዛፍ ባነሰበት በዚያ ደጋ ማገዶው ኩበት ነው፤ ከብቱ ከዋለበት በእጅ ተሰብስቦ፣ ተጠፍጥፎ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ለክረምት የተከመረ። በሥዕል ላይ ከጎጆዎች አናት በዝግታ የሚወጣው ያ ሰማያዊ ጭስ፣ ሠዓሊዎች ሁሉ የሚወዱት ጭስ፣ የኩበት ጭስ ነው። ከውጭ ሲያዩት መጋረጃ ይመስላል፤ ከውስጥ ዓይን ያጠፋል። በመኸር ወቅት ደግሞ አውድማ ላይ የሚያድር ሰው አለ፤ የወቃውን እህል ነፋስ ሲመጣለት ሊያዘራ፣ ነፋስ ካልመጣም ሊጠብቅ። እርሱም ምሽቱን ያያል፤ ግን ነፋስ እየጠበቀ ነው የሚያየው።

በበርናትዝ ዘመን በዚህ ላይ የገባርነት ቀንበር ይጨመር ነበር። በኮረብታው አናት ላይ ዓይንን የሚስበው የእንጨት አጥር በራሱ አልቆመም። እንጨቱን ከጫካ የሚያወርድ፣ አጥሩን የሚያጥር፣ ለግቢው እህል የሚፈጭ ገባር ነበረ። ከኮረብታው ግርጌ ደግሞ የአሊዩ አምባ ገበያ ነበር፤ ከሐረርና ከባሕር ዳርቻ የሚመጣው ነጋዴ ከደጋው ሰው ጋር የሚገናኝበት። በዚያው አቅራቢያ በአብዱል ረሱል ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ነበር። ሃሪስ ራሱ በመጽሐፉ ስለዚህ ንግድ ጽፏል፤ ምስክርነቱ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የአንኮበርን ጸጥ ያለ ገጽታ ብቻ ቆርጦ በግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ግን ገበያውን ከሥዕሉ ክፈፍ ውጭ ትቶታል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ሊጠየቅ አይገባውም፤ ዘመኑ እንዲህ ነበር የሚል። ዘመኑ እንዲህ ብቻ አልነበረም። የበርናትዝ መጽሐፍ ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ በፈረንሳይ አገር የገበሬ ልጅ የሆነው ዣን ፍራንሷ ሚሌ፣ ከኖርማንዲ መጥቶ በባርቢዞን መንደር ተቀምጦ፣ እ.ኤ.አ. ከ1857 እስከ 1859 ባሉት ዓመታት «አንጀሉስ» የተባለውን የምሽት ሥዕል ሠራ። ድንች ሲቆፍሩ የዋሉ ባልና ሚስት የማታውን ደወል ሰምተው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆመዋል። መቆፈሪያው አፈር ውስጥ ተተክሏል፤ ቅርጫቱ መሬት ላይ ነው፤ ከኋላ ጆንያ የተጫነበት የእጅ ጋሪ ይታያል። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በአድማስ ላይ የምታህል አይደለችም፤ ሰዎቹ ግን ከአድማሱ በላይ ከፍ ብለዋል። ሚሌ የቆመው እርሻው ውስጥ ነው። ምሽቱ የሚታወቀው በሰማዩ ብርሃን ብቻ ሳይሆን፣ ሥራ ያቆመ እጅ ምን እንደሚያደርግ በማያውቅበት በዚያ ቅጽበት ነው።

ስለ ሚሌ ሥዕል ብዙ ስብከት ተደርጓል፤ ስለ ዋጋው ግን በሥዕል ትምህርት ቤት ብዙም አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ1860 በ1,000 ፍራንክ ተሸጠ። ሠዓሊው እ.ኤ.አ. በ1875 ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1889 ያው ሥዕል በጨረታ 553,000 ፍራንክ አወጣ። ከቁመቱም ከወርዱም አንድ ሜትር የማይሞላ ሸራ ነው። ሠዓሊውም፣ ቤተ ሰቡም፣ ድንች ቆፋሪዎቹም ከዚህ ገንዘብ አንዳች አልደረሳቸውም፤ ፈረንሳይ ሠዓሊና ወራሾቹ ከድጋሚ ሽያጭ ድርሻ እንዲያገኙ የሚያዝዘውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1920 ስታወጣ የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ያስነሣው ቁጣ በመነሻነት ይጠቀሳል። እርሻው ውስጥ ቆሞ የተሣለው ምሽት እንኳ የሀብታም ሳሎን ጌጥ ከመሆን አልዳነም። ከኮረብታ ማዶ የተሣለውማ ምን ሊሆን ነው?

ወደ ራስ ቤት ሲገባ የኢትዮጵያ ሠዓሊ ተራራን ለብቻው የመሣል ልማድ እንዳልነበረው ይታወቃል። ይህንን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። በርናትዝና መሰሎቹ «አገራችንን እንድናይ አስተማሩን» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ ይመነጫል። ነገሩ ተገልብጦ መነበብ አለበት። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተራራ የሚሣለው ሰው የሚቆምበት ስላለ ነው፤ ሰውየውም ጻድቅ ከሆነ በሁለት ዓይኑ፣ ከሐዲ ከሆነ በአንድ ዓይኑ ይታያል፤ ሠዓሊው ወገኑን አይደብቅም። በዐድዋ ጦርነት ሥዕሎች ላይ ምድሩ በሰው ተሸፍኗል፤ ሰማዩ እንኳ ሥራ አለው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ይታይበታል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ባህላዊ ሠዓሊዎች እርሻውን፣ አጨዳውን፣ ውቂያውን በረድፍ ሲሥሉ እያንዳንዱ ሰው በእጁ የያዘው ነገር ከሩቅ ይለያል። ይህ ርቀትን አለማወቅ አይደለም፤ ሰው ከሌለበት ምድር ሙሉ አይደለም የሚል አቋም ነው። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት በዚያችው በአንኮበር ነበር። ስማቸውን በአህጉሩ ሁሉ ያስጠራው የአፍሪካ አዳራሽ ባለ ቀለም መስታወት ግን 150 ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳየው ባዶ ኮረብታ ሳይሆን ቀንበር የተሸከመ፣ የሚታገልና የሚነሣ ሕዝብ ነው።

ዛሬ ግን በየሆቴሉ አዳራሽ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደርና በየሥጦታ ዕቃ መሸጫው የሚሰቀለው ምንድን ነው? አንድ ጎጆ፣ አንድ ግራር፣ እንስራ ያዘለች ሴት በጥላ መልክ፣ ከኋላዋም ብርቱካን የመሰለ ፀሐይ። ሴትዮዋ ፊት የላትም። እንስራው ባዶ ይሁን ሙሉ አይታወቅም፤ ወገቧ አይጎብጥምና። አንዳንዱ ሠዓሊ ይህንኑ ቅርጽ አንኮበር ብሎ ይሰይመውና ጀምበርን ወደ አፋር ቆላ ያጠልቃታል። የአንኮበር ገደል ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው፤ ቆላውን የምትሞላው የጠዋት ፀሐይ ናት። ማታ ጀምበር የምትገባው ከኋላ፣ ከደጋው በኩል ነው፤ ሸለቆውም ከሌላው አገር ቀድሞ ይጨልማል። ብዙ ጊዜም ጉም ከታች ወጥቶ ኮረብታውን ስለሚሸፍነው እይታ የሚባል ነገር አይኖርም። ስፍራውን ሳያዩ ስሙን መጻፍ ከበርናትዝም ያነሰ ሥራ ነው፤ እርሱ ቢያንስ በረሃውን አቋርጦ መጥቶ አይቷል።

«ሕዝቡ ውበት አያስፈልገውምን? ደክሞ የዋለ ሰው ግድግዳው ላይም ድካም ይሰቀልበት?» ይላሉ። ጥያቄው መልስ ይገባዋል። የገበሬው ምሽት ውበት የለውም ያለ ሰው የለም። ከብቱ አንድም ሳይጎድል ገብቶ ሲቆጠር፣ ጥጃ ወደ እናቱ ሲለቀቅ፣ ምድጃው ዙሪያ የባቄላ ቆሎ ሲታደል፣ ደመና መጥቶ የውርጩን ስጋት ሲያርቅ የሚሰማው ደስታ ከብርቱካናማው ፀሐይ የሚበልጥ ውበት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፤ ለዚያ ገበሬ ውቡ ምሽት ደመናማው ነው። ግራጫ ሰማይ፣ ዝቅ ያለ ደመና፣ የተረጋጋ ፊት። ይህን የሣለ ሠዓሊ ውበትን አልነፈገም፤ ውበቱን ከባለቤቱ ተምሮ አመጣው እንጂ።

በሌላ በኩል ደግሞ የበርናትዝን መጽሐፍ ከናካቴው ከትምህርት ገበታ እናውጣ የሚሉ ትጉሃን አይጠፉም። እነዚህም ተሳስተዋል። በሥዕሉ ላይ ያለው ግቢ ዛሬ የለም፤ ዐፄ ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ ኋላም ወደ አዲስ አበባ ከተሻገሩ ወዲህ አንኮበር የመንግሥት መቀመጫነቷ አበቃ፤ ከቤተ መንግሥቱም የቀረው ፍርስራሽ ነው። በዚያ ኮረብታ ላይ አሁን የእንግዶች ማረፊያ ተሠርቷል፤ ጎብኚው ከሰገነቱ ላይ ቆሞ ሸለቆውን ያያል። አጥሩ እንዴት ታጥሮ እንደ ነበር፣ ጎጆው እንዴት ተሠርቶ እንደ ነበር ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ወደ በርናትዝ መሄድ ግድ ይለዋል። ምስክርን ገድሎ ችሎት አይቀመጥም። ምስክሩ ይጠራ፤ የት ቆሞ እንዳየ ይጠየቅ፤ ያላየውን ደግሞ ሌላ ምስክር ይናገር።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ስፍራ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ሳይሆን የደብረ ብርሃን፣ የአንኮበር፣ የመንዝ ትምህርት ቤት ነው። መምህሩ የአንኮበርን ሥዕል ቅጂ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ይስቀል። የጥላውን አጣጣልና የርቀቱን አያያዝ ያስተምር፤ ሠዓሊው በዚህ የሚያስተምረው ብዙ ነገር አለው። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ወደ ቤቱ ሄዶ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በግቢው ውስጥ ማን ምን ይዞ እንደሚንቀሳቀስ አይቶ፣ ጀርባውን ለገደሉ፣ ፊቱን ለደጃፉ ሰጥቶ ሥሎ ይምጣ። የኩበቱ ክምር በየትኛው ግድግዳ ጥግ እንደሚቆም፣ የእናቱ እጅ እንስራውን ሲያወርድ በየት በኩል እንደሚደግፍ ከኮረብታ ማዶ አይታይም።

ሥራዎቹ ተሰብስበው በአንድ ላይ ሲሰቀሉ መምህሩ ከአንደኛው ፊት ቆሞ በጥቅምት የተሣለውን ጥርት ያለ ሰማይ ያደንቅ ይሆናል። ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ የገበሬ ልጅ ግን ያንኑ ሰማይ አይቶ ባቄላው ታጭዶ እንደ ሆነ ይጠይቃል።